ኩኪ ምንድን ነው? «እቀበላለሁ» ከማለታችን በፊት

 

ፊደል ሳይቆጥሩ ያደጉ ሰዎች አንድ ነገር አይረሱም። ጸሐፊው ወረቀት ያቀርባል። «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ይላል። መፈረም አይቻልም። ስለዚህ አውራ ጣት ቀለም ውስጥ ይነከርና ወረቀቱ ላይ ይታተማል። ወረቀቱ ምን ይላል? እሱን የሚያውቀው ጸሐፊው ነው። ውል ይሁን ብድር፣ ምስክርነት ይሁን ስጦታ፣ ባለ ጣቱ የሚያውቀው የተነገረውን ያህል ብቻ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «ሌላው ይቅርብኝ፤ ስሜን ልጻፍ፤ ጣቴን ከቀለም ላውጣ» ብለው የመጡ ጥቂት አልነበሩም።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ስልካችሁን ታወጣላችሁ። ዜና ልታነቡ አንድ ድረ ገጽ ትከፍታላችሁ። ወዲያው ከገጹ ግርጌ አንድ ሣጥን ብቅ ይላል። «ይህ ድረ ገጽ ኩኪ ይጠቀማል» የሚል ጽሑፍ አለበት። ብዙውን ጊዜ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከጽሑፉ ሥር ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ተደርድሯል። ዜናውን ሸፍኖባችኋል። እናንተም ትቸኩላላችሁ። ደማቁን ቁልፍ ትነኩታላችሁ፤ ሣጥኑ ይጠፋል። በምን ነካችሁት? በአውራ ጣት። ቀለሙ ብቻ ነው የቀረው።

እስቲ ዛሬ ያ ሣጥን ምን እንደሚል አብረን እናንብበው።

ኩኪ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ትንሽ ጣፋጭ ብስኩት ማለት ነው። እዚህ ግን የሚበላ ነገር የለም። የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የምትተላለፍ ትንሽ ምልክት ሲኖር ከድሮም በዚህ ስም ይጠሯት ነበር። ስሙ ከዚያ ተወርሶ ቀረ። በስሙ አትጨነቁ። ሥራውን እንይ።

ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። በመጀመሪያ ቀን ካርድ ታወጣላችሁ። ካርድ ክፍሉ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ በስማችሁ ፋይል ይከፍታል። ፋይሉ እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ካርድ ለእናንተ ይሰጣል። ካርዷን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከወር በኋላ ስትመለሱ ካርዷን ታሳያላችሁ፤ በቁጥሯ ፋይላችሁ ይወጣል። «ባለፈው ሳልዎት ነበር፣ ይህን መድኃኒት ወስደው ነበር» ትባላላችሁ። ካርዷ ብትጠፋስ? እንደ አዲስ ሰው ትቆጠራላችሁ።

ኩኪ ማለት ያቺ ትንሽ ካርድ ናት። ድረ ገጹ ይሰጣችኋል። የሚያስቀምጥላችሁ ድረ ገጽ የምትከፍቱበት መሣሪያ ነው፤ ማሰሻ ወይም ብራውዘር ይሉታል። ክሮም፣ ሳፋሪ፣ ፋየርፎክስ የሚባሉት ናቸው። ወደዚያው ድረ ገጽ በተመለሳችሁ ቁጥር ማሰሻው ካርዷን ከኪስ አውጥቶ ያሳያል። እናንተን ሳይጠይቅ፣ በራሱ ነው የሚያሳየው። ትልቁ ፋይል ግን እናንተ ዘንድ የለም። እሱ ያለው በድረ ገጹ ባለቤት መደርደሪያ ላይ ነው።

ለምን አስፈለገ? ድረ ገጽ በተፈጥሮው ዝንጉ ስለሆነ ነው። አንድ ገጽ ከሰጣችሁ በኋላ ማን እንደጠየቀው አያስታውስም። ሁለተኛውን ገጽ ስትጠይቁት እንደ እንግዳ ያያችኋል። እንዲህ ሆኖ መገበያየት አይቻልም። ጫማ መርጣችሁ ዘንቢል ውስጥ ብታስገቡ፣ ቀጥላችሁ ኮት ልታዩ ስትሉ ጫማው ይረሳል። በ1994 (በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት በዚያው ናቸው) ሉ ሞንቱሊ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ፣ ኔትስኬፕ በተባለው ድርጅት ሲሠራ ለዚህ ችግር መላ ፈለገ። ኩኪን ለድረ ገጽ ያዋለው እሱ ነው። መጀመሪያ የዋለችበትም ሥራ ቀላል ነበር፤ ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ የመጣው ሰው ከዚህ በፊት መጥቶ ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚለውን ለመለየት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ፍርሃት ላውጣላችሁ። ኩኪ በሽታ አይደለችም። ቫይረስ አይደለችም። ጽሑፍ ብቻ ናት፤ ብትበዛ አንድ ሁለት ገጽ የምትሞላ። ፎቶግራፋችሁን አትከፍትም። የስልክ ቁጥሮቻችሁን አታነብም። የአንዱን ድረ ገጽ ካርድ ሌላው ድረ ገጽ እንዲያይ ማሰሻው አይፈቅድም። ወደ ባንካችሁ ወይም ወደ ኢሜይላችሁ በስምና በይለፍ ቃል ስትገቡ፣ ገጽ በለወጣችሁ ቁጥር እንደገና «ማን ነህ?» የማትባሉት በኩኪ ምክንያት ነው። ይህችኛዋ ታገለግላለች። እሷን የሚጠላ የለም።

ታዲያ ጭቅጭቁ ከየት መጣ?

ወደ ጤና ጣቢያው እንመለስ። ከበሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል እንበል። የጤና ጣቢያው ሠራተኛ አይደለም። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለመለጠፍ ቦታ ተከራይቷል። ስትገቡ እሱም የራሱን ቁጥር ያለባት ካርድ ኪሳችሁ ውስጥ ይከታል። ምንም አትሉም፤ ምናልባትም አላያችሁትም። ከዚያ ወደ ልብስ ሱቅ ትሄዳላችሁ። የዚያው ሰው ባልደረባ በሱቁ በር ላይ ቆሟል። ኪሳችሁን አይቶ ቁጥሩን ይመዘግባል። ወደ አውቶቡስ ተራ ትሄዳላችሁ፤ እዚያም አለ። ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ዕድር ስብሰባ፣ ወደ ሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በሁሉም በር ላይ አለ። ማታ ባልደረቦቹ ይሰበሰባሉ። «ቁጥር ይህን ያህል ጠዋት ሐኪም ዘንድ ነበር። ቀትር ላይ ልብስ አየ፤ አልገዛም። ከሰዓት ሥራ ሲፈልግ ዋለ» ይባባላሉ። ስማችሁን ላያውቁ ይችላሉ። ውሏችሁን ግን ያውቃሉ። አንድ ቀን በአንዱ በር ላይ ስማችሁንና ስልካችሁን የሞላችሁ እንደሆነ ደግሞ ቁጥሩ ስም ሊያገኝ ይችላል።

ይህችኛዋ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ትባላለች። የከፈታችሁት ድረ ገጽ አንደኛ፣ እናንተ ሁለተኛ፣ በመካከል የገባው ሦስተኛ። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ የማስታወቂያ ድርጅት ነው። በአንድ የዜና ገጽ ላይ እንዲህ ያለው ሰው አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ድርጅቶች በአንድ በር ላይ ይጋፋሉ።

አንዲት እናት እንውሰድ። የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ትናንት በሐኪም ተነገራቸው እንበል። ለልጆቻቸው አልነገሩም። ለጎረቤትም አልነገሩም። ማንበብ የተማሩት በቅርቡ ነው። ሌሊት ብቻቸውን ስልካቸውን ከፍተው ስለ ሕመሙ ያነባሉ። ምን ይበሉ፣ ምን ይተዉ፣ እግራቸውን እንዴት ይጠብቁ። ማንበብ መቻላቸው ምንኛ ጠቀማቸው! ማንንም ሳይለምኑ አወቁ። በማግሥቱ ልጃቸው «እማዬ፣ ስልክሽን አንዴ» ብሎ ይወስዳል፤ የኳስ ውጤት ሊያይ። ከውጤቱ አጠገብ የስኳር መለኪያ መሣሪያ ማስታወቂያ ይመጣል። ሌላ ገጽ ይከፍታል፤ አሁንም ስለ ስኳር። ልጁ ቀና ብሎ ያያቸዋል።

እንግዲህ የሕመሙን ነገር መቼ እንደሚናገሩ መምረጥ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ። ማስታወቂያው ቀደማቸው። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ሰው ሲያነብ ብቻውን ነው ብለን ነበር ያስተማርነው።

የሚገርመው ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የታየ መሆኑ ነው። በ1997 የኢንተርኔት ባለሙያዎች ስለ ኩኪ አሠራር ደንብ አውጥተው ነበር። ደንቡ ማሰሻዎች የሦስተኛ ወገን ካርድ በራሳቸው ፈቃድ እንዳይቀበሉ፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር እንዲከለክሉ ይል ነበር። በዚያን ጊዜ የነበሩት ሁለቱ ትልልቅ ማሰሻዎች አልተከተሉትም። የማስታወቂያው ንግድ ገና ሲያብብ ነበርና በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ክፍት የቀረን በር ለመዝጋት የሚደረግ ግብግብ ነው።

ያ የሚያሰለቸን ሣጥንም የዚህ ግብግብ ውጤት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2002 ሕግ አወጡ፤ በ2009 አጠበቁት። ለአገልግሎቱ የግድ ካልሆነ በቀር በሰው መሣሪያ ላይ ኩኪ ከማኖር በፊት ፈቃድ ይጠየቅ አሉ። በግንቦት 2018 ሥራ ላይ የዋለው ትልቁ የመረጃ ጥበቃ ሕጋቸው ደግሞ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ አብራራ። ፈቃድን መሰረዝ የመስጠቱን ያህል ቀላል ይሁን ይላል። ጀርመን ወይም ጣሊያን ዘመድ ያላችሁ ጠይቋቸው፤ ገጽ በከፈቱ ቁጥር ሣጥኑ ይገጥማቸዋል። እዚህ አገር ለእኛ የሚመጣልን ግን አንዳንድ ጊዜ ነው። ሣጥኑ አልመጣም ማለት ካርዷ አልተሰጠችም ማለት እንዳይመስላችሁ። ሳይጠይቁ ሰጥተዋችሁ ሊሆን ይችላል። በአገራችንም የግል መረጃን ስለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ይህ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው። ገና አዲስ ነው።

አንድ የጀርመን ጉዳይ ልንገራችሁ። አንድ የዕጣ ጨዋታ ድርጅት በድረ ገጹ ላይ «ኩኪ ፈቅጃለሁ» የሚል ሣጥን አስቀመጠ። ሣጥኑ ውስጥ ምልክቱን ራሱ ቀድሞ አድርጎበታል። የማይፈልግ ሰው ምልክቱን ያጥፋ ማለቱ ነው። የሸማቾች ማኅበራት ኅብረት ከሰሰው። ጉዳዩ ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥቅምት 1 ቀን 2019 በእነርሱ አቆጣጠር ውሳኔ ተሰጠ፤ ቀድሞ የተደረገ ምልክት ፈቃድ አይደለም ተባለ። ልክ ነው እኮ! ጸሐፊው የራሱን ጣት አትሞ «ፈርመዋል» ቢላችሁ ትቀበሉታላችሁ?

ፈረንሳይ ደግሞ በጥር 2022 ሁለት ታላላቅ ድርጅቶችን መቅጣቷን አስታወቀች። ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ። ጥፋታቸው ምን ነበር? «እቀበላለሁ» ለማለት አንድ ጊዜ መንካት ይበቃል። «አልቀበልም» ለማለት ግን ብዙ ቦታ መንካት ያስፈልግ ነበር። ይህ ሳይታሰብ የሆነ ነገር አይደለም። ሰው በሚቸኩልበት ሰዓት የትኛውን በር እንደሚገፋ ይታወቃል።

አሁን ሥራ እንጀምር። ስልካችሁን አቅርቡ።

መጀመሪያ ሣጥኑን ማንበብ ነው። እንግሊዝኛ አናነብም አትበሉ፤ ሁለት ፊደል ብቻ ላስተምራችሁ። የእኛን «ለ» አስቡ። በወገቡ ላይ አግድም መስመር ጨምሩበት። «አክሴፕት» የሚለው ቃል በዚህ ፊደል ይጀምራል። መቀበል ማለት ነው። ሁለተኛው ፊደል ቀጥ ብሎ የቆመ ምሰሶ ነው። በስተቀኙ ከላይ ሆድ አለው፤ ከሆዱ ሥር አንድ እግር ወደ ቀኝ ዘርግቷል። «ሪጀክት» የሚለው ቃል በእሱ ይጀምራል። አለመቀበል ማለት ነው። ከሁለቱም ቀጥሎ «ኦል» የሚል ቃል ቢኖር ሁሉንም ማለት ነው። ቀለሙን አትከተሉ። ብዙ ጊዜ መቀበያው ደማቅ ሆኖ፣ አለመቀበያው ደብዝዞ ወይም በቀጭን ጽሑፍ ተደብቆ ይቀርባል። ፊደሉን ተከተሉ። ፊደል የተማርነው ለዚህ ነው።

አለመቀበያው ከጠፋስ? «ማኔጅ» ወይም «ሴቲንግ» የሚል ይፈለጋል፤ ማስተካከያ ማለት ነው። እሱን ስትነኩ የትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ዝርዝር ይመጣል። አስፈላጊ የተባሉት አይጠፉም፤ ይሁኑ። ሌሎቹን አጥፍታችሁ «ሴቭ» የሚለውን ንኩ። አስቀምጥ ማለት ነው። አድካሚ ነው፣ አልክድም። አለመቀበላችሁን ሲያስታውስ ደግሞ በኩኪ ነው የሚያስታውሰው። ካርዶቻችሁን ስትጥሉ እሱም አብሮ ይጣላል፤ ሣጥኑ እንደገና ይመጣል። ሳቅ ቢያሰኝም እውነት ነው።

ስለዚህ በየበሩ ከመጨቃጨቅ በሩን አንድ ጊዜ በማሰሻው ላይ መዝጋት ይሻላል። በአይፎን ስልክ ላይ ያለው ሳፋሪ ከ2020 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን ኩኪን በራሱ ይከለክላል። ፋየርፎክስ ከ2019 ጀምሮ የታወቁ ተከታታዮችን ይከለክላል፤ ቆይቶም የየድረ ገጹን ካርድ በየግሉ ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ ጀምሯል። ክሮምስ? የክሮም ባለቤት ጉግል በ2020 «እነዚህን ኩኪዎች እናስወግዳለን» ብሎ ነበር። ቀኑን ሲያራዝም ቆይቶ በ2024 ሐሳቡን ለወጠ። ለተጠቃሚው ምርጫ ይተው ተባለ። አንድሮይድ ስልክ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ክሮምን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የክሮም ተጠቃሚዎች ሥራው የራሳችሁ ነው።

ክሮምን ክፈቱ። ከላይ በስተቀኝ ሦስት ነጥቦች ቁልቁል ተደርድረዋል። ንኳቸው። ከሚመጣው ዝርዝር «ቅንብሮች» የሚለውን ንኩ። ስልካችሁ እንግሊዝኛ ከሆነ «ሴቲንግስ» ይላል። ከዚያ «የጣቢያ ቅንብሮች» ወይም «ግላዊነት እና ደህንነት» የሚለውን፣ ቀጥሎም «የሦስተኛ ወገን ኩኪዎች» የሚለውን ፈልጉ። ቃሉ እንደ ስልኩ አዲስነት ትንሽ ይለያያል። እዚያ ውስጥ የሚያግደውን ምረጡ። አለቀ። የጤና ጣቢያው ካርድ ይሠራል፤ የበሩ ሰው ካርድ ግን ኪስ ውስጥ አይገባም። አልፎ አልፎ አንድ ገጽ አልሠራም ቢላችሁ ለእሱ ብቻ መፍቀድ ይቻላል።

የተጠራቀመውን ለመጣል ደግሞ በእነዚያው ሦስት ነጥቦች በኩል «የአሰሳ ውሂብ» መሰረዣውን ፈልጉ። ኩኪዎች የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ። ቆይ ግን! ሳትቸኩሉ ሁለት ነገር ተመልከቱ። ከሰረዛችሁ በኋላ ከገባችሁባቸው ድረ ገጾች አብዛኞቹ ያስወጧችኋል፤ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠይቋችኋል። የይለፍ ቃሉን የማታስታውሱ ከሆነ አስቀድማችሁ አግኙት። ሌላው፣ በዝርዝሩ ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን የሚሰርዝ ምልክትም ሊኖር ይችላል። እሱን አትንኩት። ኩኪ ልጥል ብሎ ኢሜይሉን ያጣ ሰው አይቻለሁ፤ ሦስት ቀን ተንገላቷል።

ካልተነኩ ስንት ጊዜ ይቆያሉ? አንዳንዶቹ ማሰሻው ሲዘጋ ይጠፋሉ። ሌሎቹ የተጻፈላቸው ቀን እስኪደርስ ይቆያሉ። ክሮም ከ2022 ጀምሮ አንዲት ካርድ ከ400 ቀን በላይ እንዳትቆይ ወስኗል፤ ነገር ግን ድረ ገጹን በጎበኛችሁት ቁጥር ቀኑ ሊታደስ ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ እንድትጠነቀቁበት የምፈልገው ነገር። በሰው ስልክ ወይም በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ኢሜይላችሁን ወይም ፌስቡካችሁን ከፍታችሁ፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ። ገጹን መዝጋት መውጣት አይደለም። «ይህ ሰው የይለፍ ቃሉን አሳይቷል፣ አስገቡት» የምትለው ካርድ እዚያው ማሽን ላይ ናት። ከእናንተ ቀጥሎ የተቀመጠው ሰው ያንኑ ገጽ ሲከፍት በእናንተ ስም ይገባል። መልእክታችሁን ያነባል፤ በስማችሁ ከዘመድ ገንዘብ ሊጠይቅም ይችላል። ስለዚህ «ውጣ» ወይም «ሎግ አውት» የሚለውን ፈልጋችሁ ንኩ። ከዚያ የሚሻለው መጀመሪያውኑ በሦስቱ ነጥቦች በኩል ማንነትን የማያሳውቅ ገጽ መክፈት ነው፤ «ኢንኮግኒቶ» የሚባለው። በእሱ የተሰጡ ካርዶች እንዲህ ያሉትን ገጾች ሁሉ ስትዘጉ ይጣላሉ። ስሙ ግን እንዳያታልላችሁ። የስልክ ድርጅቱና የምትጎበኙት ድረ ገጽ ከማየት አይታገዱም።

ለዚያች እናትም የሚጠቅማቸው ይኸው ነበር። ስለ ሕመማቸው ሲያነቡ በዚህ ዓይነት ገጽ ቢያነቡና ሲጨርሱ ቢዘጉት፣ የሌሊቷ ካርድ እስከ ጠዋት ባልቆየች ነበር።

ኩኪን ከለከልን ማለት ግን ማንም አያየንም ማለት አይደለም። ስልካችን ላይ የጫንናቸው መተግበሪያዎች ብዙዎቹ በሌላ መለያ ቁጥር ይሠራሉ። ካርድ ሳይሰጡ ሰውን የሚለዩም አሉ። የስልኩን ዓይነት፣ የመስተዋቱን ስፋት፣ የተመረጠውን ቋንቋና ሰዓት አንድ ላይ አድርገው «ይህ ያው የትናንቱ ነው» ይላሉ። የሥራው ሰዎች ይህን ዘዴ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? አሻራ።

የሚቀጥለው ንግግራችን ስለ ይለፍ ቃል ነው። እስከዚያው የቤት ሥራችሁ አንድ ነው። የሦስተኛ ወገን ኩኪ የሚለውን ቦታ በስልካችሁ ላይ አግኙ፤ በደብተራችሁም በምን መንገድ እንደደረሳችሁ በአራት መስመር ጻፉ። ያላገኘ ሰው ጎረቤቱን ይጠይቅ፤ ያገኘም ያሳይ። ደኅና ሁኑ።